የግዞተኞችን ቤተሰብ ከመዝገብ ውስጥ መፈለግ፦ የሦስቱ ሄንሪዎች ጉዳይ

ባለፈው ሴሚስተር በታሪክ ምንጮች አጠቃቀም ኮርስ ላይ መምህራችን አንድ ጥያቄ ሰጡን። አንድ መዝገብ ማንን ለማየት ተዘጋጀ? ማንንስ ሳያይ ያልፋል? አብዛኞቹ ጓደኞቼ የአገር ውስጥ የግብርና የፍርድ ቤት መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ግን ላይብረሪ ውስጥ ኢንተርኔት ስመለከት ያገኘሁት የእንግሊዝ ግዞተኞች ስም ዝርዝር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ወደዚያው ሄድኩ። «ምን አስኬደህ?» ያሉኝ አልጠፉም። ይሁን እንጂ እዚያ የገጠመኝ ችግር ማናችንንም ነገ መዝገብ ቤት ስንገባ የሚጠብቀን ስለሆነ ለቡለቲናችን አንባቢዎች ላካፍል ወደድኩ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግዞት ለእኛ አዲስ ቃል አይደለም። የእንግሊዙ ግን የራሱ መልክ ነበረው። በ18ኛው መቶ ዓመት የአገሪቱ ሕግ ለስርቆት ሳይቀር ሞት ይፈርድ ነበር። ሁሉንም መስቀል ስለማይቻል ብዙው ጥፋተኛ በምሕረት ስም ባሕር ተሻግሮ እንዲሄድ ይደረጋል። መጀመሪያ የሚላኩት ወደ አሜሪካ ነበር። በ1775 የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ። ወህኒ ቤቶች ሞሉ፤ የተረፈውም እስረኛ ወደብ ላይ በቆሙ አሮጌ መርከቦች ውስጥ ታጎረ። በመጨረሻ ሜይ 13 ቀን 1787 አሥራ አንድ መርከቦች ከፖርትስማውዝ ተነሡና በጃንዋሪ 1788 አውስትራሊያ ደረሱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ 162,000 ያህል ሰዎች ወደዚያ ተጋዙ። 25,000 ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈው ወረቀት ብዛቱ ጉድ ያሰኛል። የፍርድ መዝገብ አለ፣ የመርከብ ዝርዝር አለ፣ ሲደርሱ ገዥው የተረከባቸው መዝገብ አለ፣ ቆጠራ አለ፣ የጠባይ መዝገብ አለ፣ የምሕረት ወረቀት አለ። ዩኔስኮ በ2007 እነዚህን መዛግብት በዓለም ደረጃ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሰነዶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አንድ ተራ ሌባ ቁመቱ ስንት እንደነበር፣ ዓይኑ ምን እንደሚመስል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይኑር አይኑር ዛሬ ማወቅ ይቻላል። በዚያው ዘመን የኖረ ስንት ሐቀኛ ገበሬ ይህን ያህል አልተጻፈለትም።

ታዲያ የዚያ ሌባ ሚስት የት ደረሰች? ልጆቹስ? ወረቀቱ ዝም የሚለው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። የቅጣት መዝገብ የሚከተለው የተፈረደበትን አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እንዳይጠፋ፣ እንዳይሸሽ፣ በሌላ እንዳይለወጥ ነው የሚጻፈው። ቤተሰቡ አልተፈረደበትም፣ ስለዚህ ለጸሐፊው የለም። ቤተሰብ ወደ መዝገብ የሚገባው ለመንግሥት ወጪ ሲሆን፣ መንገድ ላይ ሲያስቸግር ወይም ቀርቦ አንድ ነገር ሲጠይቅ ነው። እኔም ከብዙ ድካም በኋላ የገባኝ ይኸው ነው፦ ቤተሰቡን የሚፈልግ ሰው የቅጣቱን መዝገብ ትቶ የአቤቱታውን ወረቀት ማሳደድ አለበት። አንድ የታወቀ ምሳሌ ይዤ ላሳይ።

ሦስቱ ሄንሪዎች

ሄንሪ ኬብል በ1763 በእንግሊዝ ሰፎክ አውራጃ፣ ላክስፊልድ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1783 ከአባቱና ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ቤት ሰብሮ በመዝረፍ ተከሰሰና ቴትፎርድ ከተማ በተሰየመው ተዘዋዋሪ ችሎት ሞት ተፈረደበት። አባትየውና ጓደኛቸው ተሰቀሉ፤ የልጅየው ሞት ግን ወደ ግዞት ተለወጠ።

ችግሩ የአባትየውም ስም ሄንሪ ኬብል መሆኑ ነው። ያም አልበቃ ብሎ ወጣቱ ሄንሪ እስር ቤት ሳለ የወለደው ልጅ እሱም ሄንሪ ተባለ። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ቀጥሎ የአያቱ ይጠራል። እንዲያ እያለ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ስሙ ራሱ የትውልድ ሐረግ ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ የቤተሰቡ ስም ለሁሉም አንድ ሲሆን፣ የመጀመሪያውም ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማንን ከማን ትለያለህ? እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሬ ላይ «በ1783 ተሰቀለ፤ በ1787 በመርከብ ተሳፈረ» ብዬ ጽፌ ነበር። ማስታወሻውን መልሼ ሳነብ ነው ራሴን የሳቅሁበት።

በዚያ ላይ የፊደሉ ጉዳይ አለ። ኬብል የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ኬ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ሲ»። ኪብል ብሎ የጻፈም፣ ካቤል ብሎ የጻፈም አለ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ባለ ስሙ ደግሞ ማንበብ ስለማይችል አያርመውም። ኃይሉን በሦስቱም «ሀ» እየጻፍን ለምናድግ ለእኛ ነገሩ ሊያስደንቀን አይገባም። በኮምፒውተር ስትፈልጉ ግን አንዱን አጻጻፍ ብቻ ካስገባችሁ የሰውየው ግማሽ ሕይወት ይጠፋባችኋል።

ሄንሪ በኖርዊች ግንብ እስር ቤት ግዞቱን ሲጠብቅ ሱዛና ሆምስ የተባለች ወጣት ሴት እዚያው ገባች። እሷም በ1784 በስርቆት ሞት ተፈርዶባት ወደ ግዞት የተለወጠላት ናት። በ1786 ወንድ ልጅ ወለዱ። ሄንሪ ሊያገባት ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። እዚህ ላይ መዝገቡን ብቻ የሚያይ ሰው ምን ያገኛል? ሁለት ጥፋተኞች፣ ሁለት የተለያየ ፍርድ፣ ሁለት የተለያየ ስም። ባልና ሚስት የሚል ቃል የትም የለም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሱዛና ከሌሎች ሴቶች ጋር ወደ ፕሊመዝ ወደብ እንድትወሰድ ትእዛዝ መጣ። ሄንሪ ትእዛዙ ውስጥ የለም። ሱዛና ሕፃኑን እንዳቀፈች እዚያ ስትደርስ ደግሞ የእስረኞቹ መርከብ አዛዥ ሕፃኑን አልቀበልም አለ። ስለ ሴቶቹ ትእዛዝ ደርሶኛል፣ ስለ ሕፃን የደረሰኝ የለም ነው ነገሩ። ሕፃኑ አልተፈረደበትማ! በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስም እንዲኖረው መጀመሪያ ጥፋት ሊኖረው ነው።

እናትየዋን ከኖርዊች ይዟት የሄደው የወህኒ ጠባቂ ጆን ሲምሰን ይባላል። ሕፃኑን ከእናቱ ነጥሎ መመለስ አንጀቱ አልችል አለው። ልጁን ታቅፎ በሠረገላ ለንደን ገባና ጉዳዩን የአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊ ለነበሩት ለሎርድ ሲድኒ አቀረበ። ሎርዱ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር እንዲሄድ፣ አባትየውም አብሯቸው እንዲጋዝ ፈቀዱ። ታሪኩ በጋዜጣ ወጣ። ሌዲ ካዶገን የተባሉ ወይዘሮ ገንዘብ አሰባስበው 20 ፓውንድ የሚያወጣ ልብስና ዕቃ ለቤተሰቡ ተገዛ። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምናውቀው ከፍርድ መዝገብ አይደለም። አንድ ተራ ጠባቂ እምቢ ስላለና ጋዜጣ ስለጻፈው ነው። ሲምሰን እንደታዘዘው ቢመለስ ኖሮ ሦስት የተለያዩ ሰዎች በሦስት የተለያዩ ዝርዝሮች ውስጥ በቀሩ ነበር፤ ምናልባት ሕፃኑ በየትኛውም ውስጥ ላይኖር ይችል ነበር።

ስለ መርከቡ አንድ ነገር ልጨምር። ሄንሪም ሱዛናም ሕፃኑም የተሳፈሩት «ፍሬንድሺፕ» በተባለችው መርከብ ነበር። ኋላ ግን ሱዛናንና ልጇን «ሻርሎት» ላይ እናገኛቸዋለን። ይህን ሳይ ተጣልተው ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። መርከቦቹ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ሲቆሙ በጎች ተገዙ። ለበጎቹ ቦታ ስለተፈለገ የ«ፍሬንድሺፕ» ሴቶች ወደ ሌሎች መርከቦች ተዛወሩ። አንድን ትዳር በመርከብ ዝርዝር ብቻ የሚመዝን ሰው በበግ ምክንያት ሊያፋታቸው ነው።

ሲድኒ እንደደረሱ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1788፣ ቄስ ሪቻርድ ጆንሰን አምስት ጥንዶችን ሲያጋቡ ሄንሪና ሱዛና ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የእኔ ዋና ሰነድ ብዬ የያዝኩት ነገር መጣ። በስጦታ የተሰበሰበው ዕቃ «አሌክሳንደር» በተባለች መርከብ ተጭኖ ነበር፤ ሲጠይቁ ከጥቂት መጻሕፍት በቀር ጠፍቷል ተባሉ። ባልና ሚስቱ የመርከቡን አዛዥ ዳንከን ሲንክሌርን ከሰሱ። ጁላይ 1788 ነው፤ በቅኝ ግዛቱ የተሰማው የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ክስ ይህ ሆነ። በእንግሊዝ ሕግ ሞት የተፈረደበት ሰው በሕግ ፊት እንደሞተ ይቆጠራል፤ ንብረት የለውም፣ መክሰስም አይችልም። ሆኖም በዴቪድ ኮሊንስ የሚመራው ችሎት ክሱን ተቀበለ፤ 15 ፓውንድም ፈረደላቸው።

የክሱን ጽሑፍ ስመለከት ዓይኔ ያረፈው ከሳሾቹ በተገለጹበት ቃል ላይ ነው። እስረኛ ወይም ጥፋተኛ አይላቸውም። የዚህ ቦታ አዲስ ሰፋሪዎች ይላቸዋል። ዕቃው የተገዛውም ለሄንሪ፣ ለሚስቱና ለልጁ መሆኑን ይገልጻል። ከታች ሁለቱም በመስቀል ምልክት ፈርመዋል። ከአምስት ዓመት የቅጣት ወረቀት ውስጥ ያጣሁት ቤተሰብ አንድ ላይ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተገኘው ዕቃችን ጠፋ ብሎ ሲጮህ ነው።

ሚስት ወይስ ቁባት?

አቤቱታ እውነቱን ያወጣል ስል ግን መንግሥት ቤተሰብን ራሱ የቆጠረበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ቆጥሯል፤ አቆጣጠሩን ማወቅ ነው። ቄስ ሳሙኤል ማርስደን በ1806 የቅኝ ግዛቱን ሴቶች መዝገብ አዘጋጁ። ከ1,400 የሚበልጡትን ሴቶች በሁለት ከፈሏቸው፦ ያገቡና ቁባቶች። ያገቡ የተባሉት 395 ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ብቻውን ያነበበ ሰው ስለዚያ ኅብረተሰብ የሚደርስበትን ድምዳሜ መገመት ይቻላል፤ ብዙዎችም ደርሰውበታል።

ነገር ግን ማርስደን ጋብቻ ብለው የቆጠሩት በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ብቻ ነው። ከአየርላንድ የመጡት ካቶሊኮች በካቶሊክ ሥርዓት ቢጋቡም ቁባት ተባሉ። ከአጭር ጊዜ በቀር እስከ 1820 ድረስ ደግሞ በቅኝ ግዛቱ በይፋ የተመደበ የካቶሊክ ቄስ አልነበረም። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች፣ ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት በዚህ መዝገብ ቁባት ናት፣ ልጆቿም ዲቃላ። ሱዛና በቄስ ጆንሰን ፊት ስለቆመች በዚህ መለኪያ ታልፋለች። ጎረቤቷ ግን ላታልፍ ትችላለች። ስለዚህ «ቁባት» የሚለውን ቃል ስታገኙ ስለ ሴትየዋ ሳይሆን ስለ ጸሐፊው እየነገራችሁ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

ንቅሳቱ

በመጀመሪያዎቹ መርከቦች የርክክብ መዝገብ ላይ ስም፣ የተፈረደበት ቦታና ቀን፣ የቅጣቱ ዘመን ብቻ ነው ያለው። እየዋለ እያደረ መዝገቡ ወፍራም ሆነ። ከ1820ዎቹና 30ዎቹ ጀምሮ የትውልድ ቦታ፣ ሙያ፣ ሃይማኖት፣ ባለትዳር ነው ወይስ ላጤ፣ ስንት ወንድና ስንት ሴት ልጅ አለው የሚለው ተጨመረ። በታዝማኒያ በ1840ዎቹ የተጻፉት ከሁሉም ይበልጣሉ። እናትና አባት፣ ወንድምና እህት በስም ተዘርዝረው አጠገባቸው «በትውልድ ቦታ» የሚል ምህጻረ ቃል ይገኛል። ከመርከብ የወረደ አንድ እስረኛ የወንድሞቹን ስም በየተራ እየጠራ ጸሐፊው ሲጽፍ በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአካል መለያው ነው። እስረኛው ቢያመልጥ እንዲያዝ ንቅሳቱ ሁሉ ይጻፋል። እኛ ንቅሳት ሲባል የእናቶቻችን አንገትና ድድ ነው ትዝ የሚለን። እነዚያ ሰዎች ክንዳቸው ላይ ልብ፣ መልሕቅ፣ በተለይ ደግሞ የስም መጀመሪያ ፊደላት ይነቀሱ ነበር። ጸሐፊው ፊደሎቹን እንዳሉ ይገለብጣል። ለፖሊስ ያ የመያዣ ምልክት ነው፤ ለእኛ ግን አንዳንዴ የሚስት፣ የልጅ ወይም የእናት ስም ነው። ፊደሎቹን በትውልድ መንደሩ ከሚገኘው የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም፤ ሁለት የሚምታቱ ሰዎችን ለመለየት ግን ይረዳሉ። ከዚሁ ጋር የሚዘመደው የመዳብ ፔኒ ነው። ተጓዡ ሳንቲሙን አለስልሶ ስሙንና የስንብት ቃል እየቀረጸበት ለቤተሰቡ ይተውላቸዋል። ከ300 የሚበልጡት ዛሬ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ።

የቀረችው ሚስት

እስካሁን ያወራሁት ስለሄዱት ነው። እንግሊዝ የቀረችውን ሚስት ፍለጋ ግን ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። ባሏ ሲጋዝ እንጀራዋ አብሮ ሄዷል። ልጆቿን ይዛ የደብሩን የድሆች መርጃ ትጠይቃለች። የደብሩ ሰዎች ደግሞ ገንዘባቸውን ይወዱታል፤ ይህች ሴት በእውነት የእኛ ደብር ናት ወይ ብለው ቃሏን ይቀበላሉ። የት እንዳገባች፣ ባሏ የት እንደሠራ፣ ልጆቿ እነማን እንደሆኑና ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ይጻፋል። የተጻፈው ከርኅራኄ ሳይሆን ወጪውን ለሌላ ደብር ለመግፋት ነው። ለቤተሰብ ፈላጊ ግን ከዚህ የተሻለ ወረቀት አይገኝም።

በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ባልየው ጥሩ ጠባይ ካሳየ ሚስቱና ልጆቹ በመንግሥት ወጪ እንዲመጡለት ማመልከት ይችል ነበር። ሁሉም አላመለከተም። እስረኛ ሆኖ ለማግባት የገዥው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1826 እስከ 1851 ያለው የፈቃድ መዝገብ የተፈቀደለትንም የተከለከለውንም ያሳያል። ከክልከላዎቹ መካከል ሰውየው ሲደርስ ባለትዳር ነኝ ብሎ አስመዝግቦ ስለነበር የተከለከሉ አሉ። ባልና ሚስት ሰባት ዓመት በባሕር ከተለያዩ እንደገና ማግባት ይቻላል የሚል እምነትም በሰፊው ይታመን ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ላጤ ነኝ ብሎ ሲያስመዘግብ እውነቱን ነው ወይስ ነገን እያሰበ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በሰውየው ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ተመልሶ የማየት ተስፋ ያልነበረው ሰው ነው። የእሷ ስም ግን በዚያች አንድ ቃል ከሰነዱ ተፍቋል።

ወደ ኬብል ቤት ልመለስ። ሄንሪ የፖሊስ አለቃ ሆነ፤ በ1802 ከመርከብ አሳማ ያለ ፈቃድ ገዛ ተብሎ ተሻረ፤ በመርከብ ንግድ ከበረ፤ ኋላም ዊንዘር በምትባል ከተማ ኖረ። 11 ልጆች ነበሯቸው። ሱዛና በ1825፣ ሄንሪ በ1846 አረፉ። ከቤተሰቡ አፈ ታሪክ አንዱ ሄንሪ ገዥውን ፊሊፕን በጀርባው አዝሎ ከጀልባ በማውረድ ሲድኒን መጀመሪያ የረገጠ ሰው እንደሆነ ይናገራል። እንዲህ ያለ ወግ ግን የኬብሎች ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ቤተሰቦችም ስለ አያቶቻቸው ይህንኑ ይላሉ። ሁሉም አዝለውት ከሆነ ገዥው ምድር አልረገጠም ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ያልተወራው ነው። ለብዙ ዘመን በአውስትራሊያ የግዞተኛ ዘር መሆን ነውር ነበር። የግዞተኞች ደሴት የነበረችው ቫን ዲመንስ ላንድ በ1856 ስሟን ታዝማኒያ ብላ የለወጠችው አንድም ያንን ለመርሳት ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ1856 ጀምሮ የሞት ምስክር ወረቀት የሟቹን እናትና አባት፣ የትውልድ ቦታውን፣ ስንት ዓመት በቅኝ ግዛቱ እንደኖረ፣ የሞቱና ያሉ ልጆቹን ሁሉ ይጠይቃል። ለፈላጊ ሀብት ነው። ግን ቃሉን የሚሰጠው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ አያቱ በምን መርከብ እንደመጣ አልተነገረውም ወይም ተነግሮት አይናገርም። «አይታወቅም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም።

ሄንሪ ይህ ወረቀት ከመጀመሩ አሥር ዓመት በፊት ሞቷል። ስለዚህ የእናቱን ስም ከእሱ ሞት አናገኝም። የ1783ቱም የፍርድ መዝገብ ባሏ የተሰቀለባትንና ልጇ የተጋዘባትን ሴት አይጠራትም፤ አልተከሰሰችም፣ አልጠየቀችም። እሷን የሚፈልግ ሰው አውስትራሊያን ትቶ ላክስፊልድ መመለስ አለበት፤ እዚያ የጥምቀት መዝገብ ላይ ከአባትየው ስም ቀጥሎ የእናትየው የመጀመሪያ ስም ብቻ ይጻፋል። እኛ አገር ሴት ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፤ እዚያ ግን ስታገባ ስሟ በባሏ ስለሚለወጥ የማን ልጅ እንደነበረች ለማወቅ ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ቆጥሮ የጋብቻውን መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል። ሲገለጥም ኬብል የሚለው ስም በ«ኬ» ብቻ አይፈለግም።